የጥቅምቱ የመጻሕፍት መድረክ፤ ለኮሚቴው የሚገባ ረቂቅ (ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ከነዋሪዎች የስልክ ግሩፕ)

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። ሁለት ቀን፣ ሦስት ንግግር። አንዱ ስለ ደራሲ በዓሉ ግርማ። አንዱ ስለ ሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታ። ሦስተኛው ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ስለተረከበት ዘመን። ኮሚቴውን ከሱቆቹ ኪራይ 60,000 ብር እንጠይቃለን። ድንኳንና ወንበር ከዕድር። እስከ ዓርብ ሐሳባችሁን ጣሉ።

ብሎክ 31፦ 60 አይሰጡም። የውሃ ፓምፑን ጊዜ አይተናቸዋል። 40 በሉ።

ብሎክ 17፦ ተናጋሪ ለእኔ ተዉት። ዩኒቨርሲቲ የማውቀው መምህር አለ። ነገ እደውላለሁ።

ብሎክ 9፦ ድንኳኑ የለቅሶ ነው። ለጭብጨባ አይተከልም።

ብሎክ 22፦ ጋሼ፣ የእርስዎ ልጅ የተዳረችው የት ሆነና?

ብሎክ 9፦ በነጩ! ነጩን ደግሞ አይጥ በልቶታል።

ገንዘብ ያዥ፦ አይጥ አልነካውም። ዝናብ እንደመታው ተጠቅልሎ ገብቶ ነው። ትናንት ዘርግቼ አየሁት። ማዕዘኑ ሻግቷል፣ ሁለት ቋሚ ብረት ጎድሏል።

ብሎክ 22፦ ማን ጠቅልሎ እንዳስገባው ይነገር እንግዲህ።

ብሎክ 9፦ አንተ ልጅ፣ ነገር አትፈልግ። ዕድሩን ያቋቋምነው አንተ ገና ቁልፍ ሳትረከብ ነው።

ብሎክ 4፦ ኧረ በፈጠራችሁ! ስለ ንግግሩ አንድ ሰው እንኳ አልተነፈሰም። በዓሉ «ኦሮማይ»ን በ1975 አወጣ፣ መጽሐፉ ታገደ። በ1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መኪናው የተገኘችው ቃሊቲ አካባቢ ነው። በየቀኑ በሚኒባስ የምናልፍበት መንገድ! ይህን ሰፈር ውስጥ የማያውቅ ስንት ወጣት አለ። መድረኩ ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል?

ብሎክ 9፦ ይህስ እውነት ነው። አስከሬኑም አልተገኘ። ለእሱ ከሆነ የለቅሶው ድንኳን ይተከል፣ አልቃወምም። ለሠዓሊው ግን አይሆንም።

ብሎክ 22፦ ገብረ ክርስቶስስ በስደት አሜሪካ አይደል የሞተው?

ብሎክ 9፦ የእሱ ሞት የታወቀ ነው። አታምታታ።

ብሎክ 22፦ እሺ ጋሼ። ቅድም ያልኩትን ይተዉልኝ፣ ተናድጄ ነው።

ብሎክ 9፦ ቡና ጠጥተህ ና።

ጸሐፊ፦ ብሎክ 17፣ መምህሩ ጋ ደወልክ?

ብሎክ 31፦ አንብቦታል። ዝም ብሏል። የዛሬ ዓመትም እንዲሁ ነበር።

ብሎክ 4፦ እንግዳ ብናገኝም ማታ ማን ይመልሰዋል? ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ወደ ከተማ ታክሲ የለም። የኮንትራት ሂሳብ ረቂቁ ላይ አላየሁም።

ገንዘብ ያዥ፦ እኔ ልናገር። ኮሚቴው ለወሬ ብር አያወጣም፣ ለንብረት ግን ያወጣል። አዲስ ድንኳን ግዙ ብለን እንጠይቅ። ከዚያ እናከራየዋለን፣ መድረኩም በራሱ ገቢ ይቆማል።

ብሎክ 31፦ አሁን ነገር መጣ። 60ውን መልሱት።

ብሎክ 4፦ መጽሐፉ የት ገባ?

ገንዘብ ያዥ፦ ለምረቃው አንድ ንግግር ይኖራል።

ጸሐፊ፦ አስተካክዬዋለሁ። ርዕስ፦ የድንኳን ግዢ ጥያቄ፣ 60,000 ብር። በምረቃው ዕለት ስለ በዓሉ የ30 ደቂቃ ንግግር፣ ተናጋሪ ከተገኘ። ሬዲዮውና ሠዓሊው ለከርሞ። ነገ አስገባለሁ።

ብሎክ 9፦ ቀለሙ ሳይወሰን አታስገባ።