የዱዋሚሽ ደለል፦ ተዝቆ ይውጣ ወይስ ባለበት ይተው?

ጠያቂ፦ ሲያትል ያላችሁ፣ የዱዋሚሽ ወንዝ ጽዳት ላይ ምን ትላላችሁ? የታችኛው 8 ኪሎ ሜትር እ.ኤ.አ. በ2001 ሱፐርፈንድ ውስጥ፣ ማለትም በጣም የተበከሉ ቦታዎችን ለማጽዳት በወጣው የአሜሪካ መንግሥት ፕሮግራም ውስጥ ገብቷል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ውሳኔ የተገመተው ወጪ 342 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ከፊሉ ደለል ይዛቃል፣ ከፊሉ በንጹህ አሸዋ ይሸፈናል። ሰፊው ክፍል ግን ወንዙ ከላይ በሚያመጣው አዲስ ደለል እስኪቀበር እየተጠበቀ ይታያል።

የጆርጅታውን ልጅ፦ እኔ መዛቁን አልደግፍም። ጭቃው ሲነካ ፒሲቢ የሚባለው መርዛማ ኬሚካል ተነስቶ ይበተናል። ስንት ዓመት የተኛውን ነገር ለምን እንቀሰቅሳለን?

የሳውዝ ፓርኳ፦ ወንድሜ፣ ሲዛቅ የተወሰነ መበተኑ እውነት ነው። ግን ተኝቷል ያልከው አልተኛም። ፒሲቢ አሜሪካ ውስጥ መመረት ካቆመ 40 ዓመት አልፎታል፣ ዛሬም ከዓሣው ስብ ውስጥ አልወጣም። ጭቃ ውስጥ ያለው ትል ይወስደዋል፣ ትሉን ዓሣና ሸርጣን ይበሉታል፣ ከዚያ እኛ ሳህን ላይ ይቀርባል።

ባለፈው በጋ አንዲት የአገራችን እናት ሸርጣን በባልዲ ይዘው አገኘኋቸው። «እማማ፣ የዚህ ወንዝ ሸርጣን አይበላም» አልኳቸው። «ልጄ፣ ውሃው እኮ ጥርት ያለ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። መርዙ አይሸትም፣ አይታይም። ማስጠንቀቂያው ሰሌዳ ከጀርባቸው ቆሞ ነበር። አንጀቴን በላኝ።

የጆርጅታውን ልጅ፦ ታዲያ ከጽዳቱ በኋላም ዓሣውን እንደ ልብ መብላት እንደማይቻል ራሱ ኤጀንሲው ተናግሯል። ያ ሁሉ ገንዘብ ለምን?

የሳውዝ ፓርኳ፦ ልክ ነህ፣ ማስጠንቀቂያው ሙሉ በሙሉ ላይነሳ ይችላል። ግን ለእርጉዝ ሴትና ለሕፃን መጠኑ መቀነሱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። መዛቅ እንደሚሠራም አይተናል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቢ-17 አውሮፕላን ይሠራበት የነበረው የቦይንግ ግቢ ፊት ለፊት ደለሉ ተዝቆ ወጣ፣ ዳርቻው ላይ ዕፅዋት ተተከለ። ወደ ባሕር የሚወርዱት የሳልመን ጫጩቶች አሁን መጠለያ አላቸው።

ጋሼ፦ ልጆች፣ ከየመንገዱ በጎርፍ የሚገባው ቆሻሻ ካልተዘጋ ግን ዝቆ መድፋት ብቻ ነው።

የሳውዝ ፓርኳ፦ እሱ ላይ እስማማለሁ ጋሼ። መጀመሪያ ምንጩ፣ ቀጥሎ መዛቅ። መርዙ በጣም የበዛበትን ቦታ ግን አሸዋ አልብሶ ማለፍን አልቀበልም። መርከብ በየቀኑ የሚመላለስበት ወንዝ ነው፤ ሞተሩ ሥሩን ያምሰዋል።

ጠያቂ፦ ሳልመኑስ ይበላል?

የሳውዝ ፓርኳ፦ አዎ፣ አብዛኛውን ዕድሜውን ባሕር ላይ ስለሚኖር የተሻለው እሱ ነው። ጾም ላይ ዓሣ ለምታበስሉ፣ እባካችሁ ለእናቶቻችሁ ንገሩ።