«ቅርስ አይበላም» ብሎ መልስ አለ?

የሰኞ ገበያ ልጅ፦
ትናንት እዚህ ደሴ የሰፈራችን ስብሰባ ላይ የመንገድ ማስፋቱ ነገር ሲነሳ አንዲት እናት ተነሱ። ባለ ሰገነቱ ቤታቸው ይፈርሳል ተብሎ ቀይ ቀለም ተቀብቶበታል። «አያቴ ጥዱን በሰው ትከሻ ነው ያስመጣው፤ ሌላው ቢቀር ቤቱ ቅርስ ተብሎ ይመዝገብልኝ» አሉ። ከመድረክ የተሰጣቸው መልስ «እናቴ፣ ቅርስ አይበላም» የሚል ነው። የሚያጨበጭብም ተገኘ! ደግሞ የት? አይጠየፍ አዳራሽ ባለበት ከተማ! ንዴቱ እስካሁን አለቀቀኝም።

የቀበሌ ቤት ልጅ፦
ካጨበጨቡት አንዱ እኔ ነኝ፤ አልደብቅም። እናትየዋን ላዋርድ ብዬ አይደለም፣ አከብራቸዋለሁ። ግን እኔም የምኖረው እዚያው መስመር ላይ ነው፣ በ1967 በአዋጅ 47 መንግሥት ከወረሳቸው ቤቶች በአንዱ። የአንድ ሰው የነበረው ቤት በጣውላ ተከፋፍሎ ዛሬ አራት አባወራ ይኖርበታል። ሐምሌ ሲገባ ሳፋውን የምናስቀምጠው መሬት ላይ አይደለም፣ አልጋ ላይ ነው። እናቴ ሳፋው መሙላቱን በድምፁ ታውቃለች፤ የጠብታው ድምፅ ሲለወጥ በጨለማ ተነስታ ትደፋዋለች። ልጠግን ብል ቤቱ የኔ አይደለም። አከራዩ ይጠግን ብል የምንከፍለው ኪራይ ለሚስማር አይበቃም። እንዲህ ያለውን ቤት ነው ጠብቁ የምትሉን?

የጦሳው፦
ወንድሜ፣ የእናትህ ነገር አንጀቴን በልቶታል። ግን «አይበላም» የምትለዋን ቃል ማለፍ አልቻልኩም። አይጠየፍ ምን ነበር? ግብር የሚበላበት አዳራሽ! ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት ሰው ሊያበሉበት ነው። ሀብታም ደሃ፣ እስላም ክርስቲያን ሳይባል ሁሉም ስለሚስተናገድበት አይጠየፍ ተባለ እየተባልን ነው ያደግነው። ወሎ ውስጥ ቅርስ ተበልቶበታል!

የቀበሌ ቤት ልጅ፦
ያ ግብርማ ተበልቶ አልቋል፣ የጦሳው። ንጉሡ በ1909 ሰገሌ ጦርነት ላይ ተማረኩ። እኔ የማወራው ስለዛሬ እራት ነው።

የጦሳው፦
አለቀ ካልክ ታዲያ እንግዳ ሲመጣብህ አይጠየፍን ለምን ታሳያለህ? ወሎየ ሁሉ በዚያ ስም ሲኮራ አይደል የሚውለው?

የቀበሌ ቤት ልጅ፦
አይጠየፍን ማን ነካ? አይጠየፍ ሌላ፣ የኔ ሰፈር ሌላ። አሮጌ የሆነ ሁሉ ቅርስ አይደለም።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆቼ፣ ነገሩ የተበላሸው እዚህ ጋ ነው። «አይጠየፍ ሌላ፣ ሰፈሩ ሌላ» ከተባለ አንድ አዳራሽ በአጥር ከልለን ከተማውን በሙሉ አጣነው ማለት ነው። ንጉሥ ሚካኤል በ1906 ሲነግሡ አብሯቸው ደሴ ላይ የከተመ ስንት ሰው ነበር? መኳንንቱም፣ ነጋዴውም፣ አንጥረኛውም፣ ሼኹም፣ ቄሱም እንደየአቅሙ ቤት ሠራ። ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ሳስተምር ተማሪዎቼን ይዤ ከአራዳ ሽቅብ እየወጣን ቤት እናይ ነበር። በረንዳው ወደ መንገድ የሚያይ የነጋዴ ቤት ነው፣ ወደ ግቢ የሚያይ የመኳንንት ነው እያልኩ አሳያቸው ነበር። ልጆቹ ከተማቸውን ያወቁት ከደብተር ሳይሆን ከበረንዳ ነው። አሁን ያንን መንገድ ብወጣ የማሳየው ግማሹን አላገኝም።

የቀበሌ ቤት ልጅ፦
ጋሼ፣ እርስዎ ያስተምሩበት የነበረው በረንዳ አሁን የኛ ማድ ቤት ነው። በጭስ ጠቁሯል። ቅር አይበልዎትና፣ ተማሪዎችዎ ከደጅ አይተው ሄዱ፣ እኛ ግን ከውስጥ ነን።

ጡረተኛው መምህር፦
ቅር አይለኝም ልጄ። እውነትህን ነው፣ ወደ ውስጥ አስገብቻቸው አላውቅም።

ግንበኛው፦
እስቲ ከሙያዬ ልናገር። ያ ቤት የሚያፈሰው አርጅቶ አይደለም፣ ተበድሎ ነው። የደሴ ጭቃ ቤት ጥድ ቆሞ፣ ማገር ታስሮ፣ ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ሰንብቶ የተመረገ ነው። ከላይ ሰፊ ክፈፍ፣ ከታች የድንጋይ መሠረት ካለው የኛን ጉምና ዝናብ ይችለዋል። ገዳዩ ምን መሰላችሁ? ሲሚንቶ። ቤቱን ያሳመሩ እየመሰላቸው ጭቃውን በሲሚንቶ ይለስኑታል። ግድግዳው የጠጣው እርጥበት መውጫ ያጣል። ባለፈው ክረምት አንዱን ልስን በመዶሻ ነካ ባደርገው እንደ ቅርፊት ተገንጥሎ ወረደ። ውስጡ ያለው ጭቃ እንደ ሊጥ ሆኗል፣ ቋሚው ከሥሩ በስብሶ በጣቴ ተቦረቦረ። ከወገቡ በላይ ግን ጥዱ ገና ሽታው አለ! ሥሩን ቆርጬ፣ ድንጋይ አስገብቼ፣ በኖራና በአሸዋ ለስኜ ሰጠሁ። ቤቱ አሁን ሰው አለበት። ስለዚህ «ይፍረስ» ከማለታችሁ በፊት አሸንዳውን እዩት።

የሰኞ ገበያ ልጅ፦
ይኸው! ይህን ነበር መድረክ ላይ ያለው ሰውዬ ማለት የነበረበት። አይበላም ብሎ መዝጋት ምንድን ነው?

የቀበሌ ቤት ልጅ፦
ግንበኛው፣ እጅህ ይባረክ። ግን ያ ባለቤት ከፍሎሃል። ለኔ ማን ይከፍልልኛል?

ባህር ማዶ ያለችው፦
እኔ የተወለድኩት እዚያው ደሴ፣ ሮቢት ሰፈር ነው። ዓይኔን ስጨፍን የማየው የአያቴን የጣውላ ወለል ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በሰም እንወለውለው ነበር። አምና ስመጣ ቦታው ላይ ባለ መስታወት ፎቅ ቆሞ አገኘሁ። መንገዱ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። እባካችሁ አታፍርሱብን።

የቀበሌ ቤት ልጅ፦
«አታፍርሱብን» ነው ያልሽው እህቴ? ባንቺ ላይ ነው የሚፈርሰው? አያትሽ ቤት ላይ ፎቁን ማን ሠራው? ወራሾቹ ሸጠውት አይደል?

ባህር ማዶ ያለችው፦
አዎ፣ አጎቶቼ ሸጡት። እኔን አልጠየቁኝም። ለዛ ነው የማለቅሰው።

የአርበኛ የልጅ ልጅ፦
ሁላችሁም አንድ ነገር ዘላችኋል። ቅርስ ስትሉ ፒያሳ ያሉትን የጣሊያን ቤቶችም ጨምራችሁ ነው? ኅዳር 1928 ደሴን በአውሮፕላን የደበደበው ማን ነው? አፄ ኃይለ ሥላሴ እዚሁ ከተማ ውስጥ እያሉ፣ ሆስፒታል ሳይቀር በቦምብ ሲመታ! ያ ጠላት ለሠራው ግንብ ኖራ አልቀባም።

ግንበኛው፦
ጣሊያን አምስት ዓመት ነው የኖረበት። ከዚያ ወዲህ ሰማንያ ዓመት ሻይ ያፈላበት፣ ልብስ የሰፋበት፣ ልጅ የዳረበት የኛ ሰው ነው። የማን ነው ታዲያ?

የአርበኛ የልጅ ልጅ፦
ለአያቴ ሐውልት ሳይቆም ለእነሱ ግንብ አትከራከርልኝ።

የጦሳው፦
የጠላትን ቤት ማፍረስ ከሆነ ታሪኩ፣ ልጆቻችን ቦምቡን በምን ያምናሉ? ይቁም፣ ግድግዳው ላይ ምን እንዳደረጉን ይጻፍበት።

ኮምቦልቻ ነኝ፦
ደሴዎች ሁሌ ስለ ራሳችሁ ብቻ። እኛም ጋ ከጣሊያን ጊዜ የቀሩ መጋዘኖችና ቤቶች አሉ፣ አንድ ሰው ስማቸውን አላነሳም።

የሰኞ ገበያ ልጅ፦
እናንተ ኢንዱስትሪ ፓርኩን ወስዳችሁ የለም እንዴ? ታሪኩን እንኳ ለኛ ተዉልን።

ኮምቦልቻ ነኝ፦
ይኸው መጣ! ፓርኩ እኔን አልቀጠረኝም ወንድሜ። ታሪክም የሚከፋፈል ዕቃ አይደለም።

ጡረተኛው መምህር፦
ወደ ጉዳያችን። አዋጅ 209/1992 አለ፤ የቅርስ ጥገና ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆን መንግሥት ሊያግዝ እንደሚችል ይላል። ችግሩ ቤቱ አስቀድሞ መመዝገብ አለበት። ሴትየዋ የጠየቁትም ይህንኑ ነው፤ ገንዘብ አልጠየቁም፣ መዝግቡልኝ አሉ። የደሴ ሙዚየም የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ ነበር፤ ሰው ኖሮበት፣ ኋላ ሙዚየም ሆነ። በ2014 ጦርነት ዕቃው ሲዘረፍ አይተናል። ያን ጊዜ ሁላችንም «ታሪካችን ተዘረፈ» ብለን ጮኸናል። አሁን በራሳችን እጅ ስናፈርስ «አይበላም» ማለት ከየት መጣ?

የቀበሌ ቤት ልጅ፦
ጋሼ፣ ዝርፊያውን ከመንገድ ጋር አያወዳድሩ። እሱ ሌላ ቁስል ነው። እናቴ ያኔ ሸሽታ በእግሯ ነው የሄደችው፤ ተመልሳ የገባችው እዚያው የሚያፈስ ቤት ነው።

ጡረተኛው መምህር፦
እውነት ነው፣ ያለቦታው አመጣሁት። የምዝገባውን ነገር ግን አልተውም።

ግንበኛው፦
የቀበሌ ቤት ልጅ፣ እሁድ መጥቼ ጣሪያውን ልየው። አሸንዳና አራት ቆርቆሮ ከሆነ ከጓደኞቼ ጋር እንሠራዋለን፣ ለእጅ አልጠይቅም።

የቀበሌ ቤት ልጅ፦
ና። እናቴ ቡና ታፈላለች። ግን ፈቃድ ሳይኖር ቆርቆሮ ብትነካ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ፈቃዱን ማን ያወጣል? ባለፈው ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ደብዳቤ አምጣ ተባልኩ።

የሰኞ ገበያ ልጅ፦
ሰኞ አብሬህ እሄዳለሁ። ቀዩ ቀለም ያለበትን የእናትየዋን ቤትም ፎቶ አንስተን ይዘን እንግባ።

የቀበሌ ቤት ልጅ፦
እሄዳለሁ። ያጨበጨብኩት ግን ትክክል ነበር።

የጦሳው፦
አልነበረም!