ኦዚል ለአርሰናል ኪሳራ ነበር?

የፒያሳው፦ ዛሬ ጠዋት ከአራት ኪሎ በሚኒባስ ወደ ሜክሲኮ ስሄድ ጋቢና የተቀመጠ ሰውዬ ለሹፌሩ ስለ አርሰናል ይተነትናል። ምን ቢል ጥሩ ነው? «ኦዚል የክለቡ ትልቁ ኪሳራ ነው።» ሹፌሩ ደግሞ እህ እያለ ያጅበዋል። ስታዲየም ጋ «ወራጅ» ብዬ ምንም ሳልመልስለት ወረድኩ። እስካሁን ያንገበግበኛል። በ2015/16 በፕሪምየር ሊግ በአንድ የውድድር ዘመን ለ19 ጎል ኳስ ያቀበለ አማካይ ኪሳራ? ያኔ የሄንሪ ሪከርድ እኮ 20 ነበር። አንዲት ነች የቀረችው!

ሒሳብ ያዡ፦ ሰውዬው ልክ ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ኪሳራ የሚለውን ቃል ለእኔ ተውልኝ። አርሰናል በ2013 ለሪያል ማድሪድ 42.5 ሚሊዮን ፓውንድ ከፈለ። በ2021 የቱርኩ ፌነርባቼ በነፃ ወሰደው። ለአርሰናል መጨረሻ የተጫወተው ማርች 2020 ከዌስትሃም ጋር ነው። ከዚያ እስከሄደበት ጃንዋሪ ድረስ 46 ሳምንት ገደማ አለ። ደመወዙ በሳምንት 350 ሺህ ፓውንድ። አባዙት። 16 ሚሊዮን ይመጣል። ይሄ ኪሳራ ካልተባለ ምን ይባላል? በጎ አድራጎት?

የካዛንቺሷ፦ ኮሮናን ረሳኸው እንዴ? ሊጉ ራሱ ከማርች አጋማሽ እስከ ጁን አጋማሽ ዝግ ነበር። ማን ተጫወተ ያኔ?

ሒሳብ ያዡ፦ እሺ፣ 14 ሳምንት ቀነስኩልሽ። 32 ቀረ። 11 ሚሊዮን። ደስ አለሽ?

የካዛንቺሷ፦ በአንድ ጥያቄ 5 ሚሊዮን አስመለስኩ። ትንሽ ብንቆይ ትርፍ ውስጥ እንገባለን።

ቀዩ ሰይጣን፦ ሃሃሃ። አርሰናሎች ዋንጫ ሲጠፋ ኦዲት ትጀምራላችሁ።

የፒያሳው፦ አንተን ደግሞ ማን ጠራህ? እናንተ ማን ዩናይትዶች ፖግባን በ2012 በነፃ ለቀቃችሁ። በ2016 በ89 ሚሊዮን ፓውንድ መልሳችሁ ገዛችሁ። በ2022 እንደገና በነፃ ለቀቃችሁ። አንድ ሰው ሁለቴ በነፃ! ኪሳራ የእናንተ የአባት ስም ነው።

ቀዩ ሰይጣን፦ ፖግባ ቢያንስ ዓለም ዋንጫ በልቷል።

የፒያሳው፦ ኦዚል በ2014 ብራዚል ላይ ያነሳው ምንድን ነው ታዲያ? የሻይ ትሪ?

ጋሼ፦ ልጆች፣ መንግሥቱ ወርቁን ያየ ሰው ስለ ኦዚል ሲከራከር አይውልም። በፈረንጆቹ 1962 የአፍሪካን ዋንጫ እዚሁ ስታዲየም ግብፅን 4 ለ 2 ረትተን በልተናል። ደመወዝ በሳምንት የሚባል ነገር ማን ያውቅ ነበር?

የካዛንቺሷ፦ ጋሼ እርስዎ ያን ጨዋታ ገብተው አይተዋል?

ጋሼ፦ አባቴ አይቷል።

ሒሳብ ያዡ፦ ወደ ነገሩ እንመለስ። ትልቅ ጨዋታ ላይ የሚጠፋ ልጅ ነው። በ2014 ከባየርን ጋር ፔናሊቱን ለበረኛው ኖየር አስረከበ። ዘጠኝ ዓመት የጠበቅነው ዋንጫ ከሀል ሲቲ ጋር ሲመጣም ራምሴ የማሸነፊያዋን ያገባት እሱ ተቀይሮ ከወጣ በኋላ ነው። ትከሻውን ጥሎ፣ እጁን ዘርግቶ ሲያጉረመርም ነው የማስታውሰው።

የካዛንቺሷ፦ አንተ ትከሻውን ታስታውሳለህ፣ እኔ ሉዶጎሬትስን አስታውሳለሁ። ኖቬምበር 2016፣ ቡልጋሪያ፣ ሻምፒዮንስ ሊግ። ካዛንቺስ አንድ ጠባብ ዲኤስቲቪ ቤት አግዳሚ ላይ አራት ሆነን ተጣበናል። ገና በ15 ደቂቃ 2 ለ 0 ሲመሩን ግማሹ ሰው ወጣ። 2 ለ 2 ሆነ። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ኤልኔኒ ረጅም ኳስ ጣለለት። ልጁ ኳሷን በበረኛው አናት ላይ አሳለፈ። ሁለት ተከላካይ እየሮጠ መጣ። መታ ሲሉት አልመታም። ሁለቱም መሬት ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ኳሷን ቀስ አድርጎ ሸኛት። ቤቱ ውስጥ ለአፍታ ማንም አልጮኸም። ከአጠገቤ የነበረው ሰውዬ ሻዩን ጭኑ ላይ ደፍቶ ቆሟል፣ ሙቀቱ ራሱ አልተሰማውም። ዛሬ ያ ቤት ፈርሷል። ጎሉ ግን አለ። እሱን በየትኛው ዓምድ ነው የምትመዘግበው?

ሒሳብ ያዡ፦ በምድብ ጨዋታ ዓምድ።

የፒያሳው፦ ወይ አንተ! ልብህ ካልኩሌተር ነው።

ሒሳብ ያዡ፦ ስድብ ቁጥር አይቀይርም። በኮሮና ጊዜ ደመወዝ ቀንሱ ሲባሉ አብዛኞቹ ተስማሙ፣ እሱ እምቢ አለ። ይሄንንስ?

የፒያሳው፦ ገንዘቡ የት እንደሚሄድ ንገሩኝ አለ። ደግሞም ትክክል ነበር! ተጫዋቾቹ ከቀነሱ በኋላ ክለቡ 55 ሠራተኛ ላሰናብት ነው ብሎ አወጀ። የዳይኖሰር ልብስ ለብሶ ልጆች የሚያጫውተውን ሰውዬ ሳይቀር ሲያባርሩት ደመወዙን እኔ እከፍላለሁ ያለው ማን ነው? ኦዚል። ሰነፍ ያላችሁት ሰው።

ሒሳብ ያዡ፦ እኔ ሰነፍ የሚል ቃል አልወጣኝም። ኪሳራ ነው ያልኩት።

የፒያሳው፦ ኪሳራውን ማን አመጣው ታዲያ? የእሱና የሳንቼዝ ውል አንድ ላይ ሊያልቅ ወራት እስኪቀሩት ዝም አሉ። በጃንዋሪ 2018 ሳንቼዝ ወደ ማንቸስተር ሲሄድ ደነገጡና 350 ሺህ ፈረሙለት። በኋላ አሰልጣኙ አርቴታ ከሊጉ ስም ዝርዝር አስወጣው። አንድ ኪሎ ጥሬ ሥጋ አስቆርጦ ሳይቀምስ ተነስቶ የሄደ ሰው ሥጋ ቤቱን አከሰርከኝ ይለዋል?

ቀዩ ሰይጣን፦ ሳንቼዝንስ ለእኛ አታንሱብን፣ ቁስላችን ነው።

የካዛንቺሷ፦ ይሄን እንኳን አመንክ። ይመችህ።

ጋሼ፦ ከቱርኩ ኤርዶጋን ጋር ፎቶ የተነሳው ልጅ አይደል? ኳስ ተጫዋች ፖለቲካ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገው?

የፒያሳው፦ ጋሼ፣ ለጀርመን 92 ጨዋታ ነው የተጫወተው። ስናሸንፍ ጀርመናዊ፣ ስንሸነፍ ስደተኛ ነኝ ብሎ በ2018 ለቀቀ። ፎቶው ለእኔም አልተመቸኝም። ግን በ2018 ዓለም ዋንጫ ከምድብ የወደቀው ፎቶው ነው ወይስ ቡድኑ?

የካዛንቺሷ፦ ሒሳብ ያዡ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። ባለፈው የጥምቀት ፎቶህ ላይ የለበስከው ቀይ ማልያ ጀርባው 11 ነው። ስሙን አላነበውም መሰለህ?

ሒሳብ ያዡ፦ በ2014 የተገዛ ነው። ያኔ አላወቅኩም።

የካዛንቺሷ፦ ኪሳራ ከሆነ ለእኔ ሽጥልኝ።

ሒሳብ ያዡ፦ አይሸጥም።

የፒያሳው፦ ሃሃሃ! እንዴት ነው ነገሩ?

ሒሳብ ያዡ፦ የማልያው ሌላ፣ የክለቡ ሌላ። 42.5 ሚሊዮን ወጣ፣ ዜሮ ገባ። እዚያው ነኝ።

ቀዩ ሰይጣን፦ ፖግባ ግን በማርኬቲንግ ብቻ...

የፒያሳው፦ ጀመረው!