ጥቆማ፦ ለሞተር የኋላ መብራት የቱ ያዋጣል?

ባለፈው ክረምት ማታ ከቃሊቲ ወደ ዱከም እየሄድኩ ፍሬን ያዝኩ። ከኋላዬ የነበረው የጭነት መኪና ለጥቂት ሳተኝ። ሹፌሩ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ «ወንድሜ፣ ስቶፕህን ጥቁር ቀባኸው እንዴ?» አለኝ። አልተሳሳተም። ሽክ ለማለት ብዬ ስቶፑ (የፍሬን መብራቱ) ላይ ጥቁር ላስቲክ ለጥፌበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ያልሞከርኩት ነገር የለም።

መጀመሪያ ምንም ሳትገዙ ያላችሁን ፈትሹ። ሰው ከኋላ አቁሙና የእጁንም የእግሩንም ፍሬን በየተራ ያዙ። በሁለቱም መብራት አለበት። የእግሩ ማብሪያ ላይ ያለችው ትንሽ ስፕሪንግ ከላላች መብራቱ ዘግይቶ ይመጣል። ሽፋኑንም ፈታችሁ እጠቡት። የእኔ ግማሹ አቧራ ነበር።

ቀጥሎ አምፖሉ። በብዙ ሞተሮች ላይ ያለው ባለ ሁለት ክር 12 ቮልት ነው፤ 5 ዋቱ ለማታ፣ 21 ዋቱ ለፍሬን። በዚያው ቦታ የሚገባ ኤልኢዲ ሶማሌ ተራ ፈልጉ። ቀዩን ጠይቁ። ሻጩ «ነጩ ይደምቃል» ይላችኋል፤ እጁ ላይ ሲበራ እውነት ይመስላል። ቀይ ሽፋን ውስጥ ሲገባ ግን አብዛኛው ብርሃን እዚያው ይቀራል። ሳትከፍሉ ሁለቱንም አስበርታችሁ እዩ፤ በአንዳንዱ ርካሽ ዕቃ የማታውና የፍሬኑ ብርሃን አይለይም። እሱን ተዉት። ጥሩው ግን የሚያስከፍለውን ያህል ይሰራል። የድሮው ክር እስኪግል 0.2 ሰከንድ ያህል ይፈጃል፣ ኤልኢዲ ወዲያው ይበራል። በ60 ኪሎ ሜትር ለሚመጣ መኪና ያ ከ3 ሜትር በላይ ነው።

ስቶፕና ፍሬቻን አንድ ላይ የያዘው ቀጭኑ መብራትስ? ያምራል፣ አልዋሽም። ፍሬን ስትይዙ ግን ፍሬቻው በስቶፑ ይዋጣል። እኔ የፋብሪካውን ፍሬቻ መልሼ አስገጠምኩ። ፍሬቻችሁንም ኤልኢዲ ካደረጋችሁ ብልጭታው ያለ ቅጥ መጣደፉ አይቀርም፤ ለኤልኢዲ የተሰራውን ፍላሸር (ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርገውን ዕቃ) ግዙ። በምትኩ የሚሰጧችሁ ሬዚስተር (ተጨማሪ ኤሌክትሪክ የሚበላ ትንሽ ዕቃ) በጣም ይግላል፣ ፕላስቲክ አጠገብ አታስሩት።

ፍሬን ሲያዝ ሦስት አራቴ ብልጭ ብሎ የሚረጋውን ስቶፕ እወደዋለሁ። ጨርሶ የማይረጋው ግን ከኋላ ያለውን ሰው ያናድዳል።

ለገንዘቡ አንደኛ የምለው አንጸባራቂ ቴፕ ነው። ሽቦ የለው፣ አይቃጠል። ዕቃ የምታደርሱ ሳጥኑ ላይ ቀይና ነጩን ለጥፉ፤ ለሹፌር ዓይን ቅርብ ነው። መልክ የሚያሳስበው ደግሞ ጥቁሩን ይፈልግ፦ ቀን ጥቁር ነው፣ ማታ መብራት ሲያርፍበት ነጭ ሆኖ ይመልሳል። ከነጩ በጣም ይደክማል፣ ግን ፓራፋንጎ ላይ መኖሩ እንኳ አይታወቅም።

ማን ይግጠምላችሁ? ዕቃ የሸጠላችሁ ልጅ በነፃ ሽቦውን ጠምዝዞ በናስትሮ ይጠቀልልላችኋል። የእኔ አንድ ዝናብ አልዘለቀም። ከፍላችሁ አውቶ ኤሌትሪክ ጋ ሂዱ፣ ይበየድላችሁ፣ መጋጠሚያው በሲልከን ይደፈን።

እንደኔ ጥቁር ላስቲክ የለጠፋችሁ ካላችሁ፣ ስትልጡት ሙጫውን በቤንዚን አትጥረጉት፤ ፕላስቲኩን ያደበዝዘዋል። ለብ ያለ ውሃና ሳሙና ይበቃዋል።