ሲኦልና ገሃነም አንድ ናቸው ወይስ እኛ ነን ያደባለቅናቸው?

ማለዳ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ከንክኖኝ ነው የመጣሁት። ሰሞኑን ከጓደኞቼ ጋር የሐዋርያት ሥራ 2ን እያነበብን ጴጥሮስ ስለ ጌታ ከመዝሙር የጠቀሰው «ነፍሴን በሲኦል አትተዋትምና» የሚለው ጋ ስንደርስ አንዷ «እንዴ! ጌታ ገሃነም ገብቶ ነበር ማለት ነው?» አለች። ጥናቱን የሚመራው ልጅ «ሲኦልም ገሃነምም ያው ነው፣ እንቀጥል» ብሎ አለፈው። ለኔ ግን አልተዋጠልኝም። ቤት ገብቼ ራእይ 20ን ስከፍት ጭራሽ ባሰብኝ። «ሞትና ሲኦልም በእሳት ባሕር ውስጥ ተጣሉ» ይላል። ያው ከሆኑ ገሃነም ገሃነም ውስጥ ተጣለ ልንል ነው? ደግሞ እንጦርጦስ የሚባለውስ የት ነው ያለው? የሚያውቅ እህታችሁን ያስረዳ፤ ስድብ ግን አልፈልግም።

ብራና፦
እህቴ፣ ራእይ 20ን ስትከፍቺ ራስሽ መልሰሽዋል። ያው አይደሉም።

ሲኦል የዕብራይስጥ ቃል ነው። ብሉይ ኪዳን ውስጥ 65 ጊዜ ያህል አለ። የሙታን ስፍራ ማለት ነው፤ ጻድቁም ኃጥኡም የሚወርድበት። ያዕቆብ ዮሴፍን አውሬ በላው ሲሉት እያዘንኩ ወደ ልጄ እወርዳለሁ ያለው ወደ ሲኦል ነው (ዘፍ 37፡35)፣ መቼም ልጄ ገሃነም ገብቷል ማለቱ አይደለም። ኢዮብማ ቁጣህ እስኪያልፍ እዚያ ሰውረኝ ብሎ ለመነ (14፡13)። ገሃነም ደብቀኝ ብሎ የሚለምን ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? መክብብ 9፡10 ደግሞ እዚያ ሥራም አሳብም እውቀትም የለም ይላል። ዝም ያለ ጨለማ ነው፣ እሳት አይታይበትም።

ብሉይ ወደ ግሪክ ሲተረጎም ሲኦል «ሃዴስ» ተባለ። ጴጥሮስ እዚያ የሐዋርያት ሥራ 2 ላይ የጠቀሰው መዝሙር በግሪኩ ሃዴስ ነው የሚለው። የኛ ተርጓሚዎች መልሰው ሲኦል አሉት፣ እግዜር ይስጣቸው። በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛው ኪንግ ጀምስ ግን ሲኦልን አንዴ መቃብር፣ አንዴ ደግሞ ገሃነምን በሚጠራበት በዚያው ቃል «ሄል» እያለ ነው የሄደው። በኔ ግምት «ያው ነው» የሚለው ነገር ከእንግሊዝኛ ስብከት ጋር ተጭኖ የመጣ ነው። አማርኛውን ብቻ ያነበበ ሰው ይህን ያህል ባልተምታታ።

ኩራዝ፦
ብራና ጥሩ ብሏል፤ እኔ ስለ ገሃነም ልጨምር። ገሃነም መሬት ላይ ያለ ቦታ ነው! የሄኖም ሸለቆ ማለት ነው፣ ከኢየሩሳሌም በስተደቡብ። ዛሬም ሄዶ ማየት ይቻላል። በኢየሱስ ዘመን የከተማው ቆሻሻ መጣያ ነበር፣ እሳቱ ቀን ከሌት አይጠፋም ነበር። ምሳሌውን ከዚያ ነው የወሰደው።

ብራና፦
ሸለቆው ልክ ነህ። ቆሻሻው ላይ ግን ቆም እንበል፣ እኔም ለዓመታት እንደዚያ ስናገር ነበርና። ይህ ወሬ ተጽፎ የሚገኘው በ1200 ገደማ ከኖረው ከአይሁዳዊው ሊቅ ከረቢ ዳዊት ቂምሒ ጀምሮ ነው፤ ከኢየሱስ ከሺህ ዓመት በላይ በኋላ ማለት ነው። በቁፋሮም ቢሆን የሚነድ የቆሻሻ ክምር ምልክት አልተገኘም።

ደግሞ ቆሻሻ ምን ያስፈልጋል? የሸለቆው ታሪክ ራሱ ይበቃል። ንጉሥ አካዝና ምናሴ የገዛ ልጆቻቸውን መሥዋዕት አድርገው በእሳት ያሳለፉት እዚያ ነው (2 ዜና 28 እና 33)። በኋላ ንጉሥ ኢዮስያስ ቦታውን ማንም እንዳይጠቀምበት አረከሰው። ኤርምያስ መጥቶ ከእንግዲህ «የእርድ ሸለቆ» ይባላል፣ የሚቀበሩበት ስፍራ እስኪጠፋ ሬሳ ይሞላበታል አለ (ምዕራፍ 7)። የኢየሱስ አድማጮች «ገሃነም» ሲባሉ ትዝ የሚላቸው ይሄ ነው። ኢየሱስ ስለ ገሃነም ሲናገር «ትላቸው የማይሞት እሳታቸው የማይጠፋ» ያለውም የኢሳይያስ መዝጊያ ነው፤ እዚያ የሚነድደው ሬሳ ነው።

ቃሉ አዲስ ኪዳን ውስጥ 12 ጊዜ ብቻ አለ። 11ዱ ከራሱ ከኢየሱስ አፍ፣ አንዱ ያዕቆብ ስለ ምላስ ሲጽፍ።

(ከርዕስ መውጣት ይሁንብኝና፣ በ1979 እዚያው ሸለቆ ዳር ካለ የዐለት መቃብር ሁለት ትንንሽ የብር ጥቅልሎች ወጥተዋል። «እግዚአብሔር ይባርክህ ይጠብቅህም» የሚለው የዘኍልቍ 6 በረከት ተቀርጾባቸዋል። እስካሁን ከተገኘው የመጽሐፍ ቅዱስ ጽሑፍ ሁሉ አንጋፋው። ገሃነም አፋፍ ላይ!)

እንጦርጦስን ረስቼው። ከግሪኩ «ታርታሮስ» (ከምድር በታች ያለ ጥልቅ እስር ቤት) የመጣ ነው። 2ኛ ጴጥ 2፡4 ላይ አንዴ ብቻ ነው ያለው፣ እሱም ስለ ሰው ሳይሆን ስለ በደሉ መላእክት። የተለመደው አማርኛ «ገሃነም» ብሎ ስለተረጎመው አታገኚውም።

ደረቅ_እውነት፦
ቃል መሰንጠቅ አበዛችሁ። ሉቃስ 16 ላይ ሀብታሙ ሰውዬ «በሲኦልም በሥቃይ ሳለ» ነው የሚለው። ሲኦል፣ ነበልባል፣ ጥማት፣ ሁሉም አለ። ማቴዎስ 25፡46 ደግሞ የዘላለም ቅጣት ይላል፣ አለቀ። ሰው እንዳይፈራ ገሃነምን የምታለሰልሱት ለምንድነው?

ብራና፦
ማለስለሴ አይደለም፣ ሉቃስ 16 ግን ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ላይ «እሳት አይታይበትም» ያልኩትም ለብሉይ ብቻ ነው የሚሠራው። በሁለቱ ኪዳኖች መካከል ሐሳቡ ሰፍቷል። መጽሐፈ ሄኖክ ምዕራፍ 22ን ብታይ የሙታን ነፍሳት ለየብቻ ተከፍለው ፍርድ ይጠብቃሉ፤ የጻድቃኑ ጋ የውኃ ምንጭ አለ። ሀብታሙ ጠብታ ውኃ መለመኑ፣ በመካከል ገደል መኖሩ፣ ከዚያ ጋር ይመሳሰላል። ቢሆንም የሉቃሱ ሰው ገና ፍርድ አልደረሰበትም፤ ወንድሞቹ ምድር ላይ አሉ። ሲኦል ማቆያ ነው፣ ገሃነም ከፍርድ በኋላ ነው። ራእይ 20 ላይም ሲኦል መጀመሪያ ሙታኑን ይሰጣል፣ ከዚያ ራሱ ይጣላል። ማቆያ ቤቱ ባዶ ሲሆን ፈረሰ በለው።

«ዘላለም» ላይ ደግሞ ክርስቲያኖች ራሳቸው ይከራከራሉ። አንዱ ማቴ 25ን ይዞ ሥቃዩ ማለቂያ የለውም ይላል፤ ብዙኃኑ እዚህ ነው። ሌላው ማቴ 10፡28 ላይ ነፍስንም ሥጋንም «ሊያጠፋ» የሚለውን ይዞ መጥፋት ነው ይላል፤ ይሁዳ 7 ሰዶም በዘላለም እሳት ተቀጣች ይላል፣ ሰዶም ግን አሁን አትነድም ብሎም ይጨምራል። እኔ ወደ መጀመሪያው አዘነብላለሁ፣ ግን ሁለተኛው ሰውዬ መጽሐፉን አላነበበም ብዬ አልሰድበውም።

ደረቅ_እውነት፦
የሄኖኩን አላውቀውም ነበር። አነበዋለሁ። ስለ ዘላለሙ ግን አልተስማማሁም።

ማለዳ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ለጓደኛዬ «ሲኦል ወረደ እንጂ ገሃነም አልገባም» ብዬ ላክሁላት። ሁለት ደቂቃ አልቆየችም፣ «ታዲያ ሲኦል ምን ሊሠራ ወረደ?» ብላ መለሰችልኝ። 1ኛ ጴጥሮስ 3፡19 ላይ «በወኅኒ» ስላሉት ነፍሳት የምታውቁ አትጥፉ፣ ሌላ ጥያቄ ልከፍት ነው።