ከብራውዘር የዋናው ቢሮ ኮምፒውተር ውስጥ ስገባ ምስሉ ይዘገይብኛል

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ቸርችል ጎዳና ላይ ካለው ቅርንጫፍ ነው የምሠራው። የደመወዙ ፕሮግራም ያለው ግን ሜክሲኮ አካባቢ ዋናው ቢሮ ነው። ፋየርዎላችን 3389ን (የዊንዶውስ ሪሞት ዴስክቶፕ ፖርት) ዘግቷል፤ 443ን (የኤችቲቲፒኤስ ድረ ገጾች ፖርት) ብቻ ነው የሚያሳልፈው። የአይቲው ልጅ አፓቼ ጓካሞሌ የሚባል፣ የሌላ ኮምፒውተር ዴስክቶፕ በብራውዘር የሚያሳይ ፕሮግራም ጫነልኝ። ፓስወርዱን ይቀበላል፣ ዴስክቶፑም ይመጣል። ግን ማውሱን ሳንቀሳቅስ ምስሉ ቆይቶ ነው የሚከተለኝ። የወር መጨረሻ ነው፣ ሰው ደመወዙን እየጠበቀ ነው። እባካችሁ ርዱኝ!

መልስ፦ እህቴ፣ እኔንም አንድ ሰሞን እንዲሁ አሠቃይቶኛል። ከጓካሞሌው ሰርቨር ፊት ኤንጂንኤክስ (ከብራውዘር የሚመጣውን ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ፕሮግራም) አለ? ካለ በፈሪንጉ ይጥፋ። ካልጠፋ ምስሉን አጠራቅሞ ነው የሚለቅልሽ። ከዚያ ዌብሶኬት (በብራውዘሩና በሰርቨሩ መካከል ክፍት ሆኖ የሚቆይ ግንኙነት) እንዲያልፍ አፕግሬድ እና ኮኔክሽን የሚባሉት ሄደሮች (ከጥያቄው ጋር የሚላኩ መግለጫዎች) በኤንጂንኤክሱ ላይ ይጨመሩ፣ የኤችቲቲፒው ቨርዥንም 1.1 ይደረግ። ዌብሶኬት ሲታገድ ጓካሞሌ በተራ ኤችቲቲፒ ይቀጥላል፤ ለዚህ ነው መግባት ያልከለከለሽ።

ሌላ መልስ፦ አደራ፣ «3389ን ለኢንተርኔት ክፈቱት» የሚል ምክር እንዳትሰሚ። የደመወዝ መረጃ ነው የያዝሽው! ከፓስወርዱ ሌላ የስልክ ኮድም እንዲጠይቅ አድርጉት።

ጠያቂ፦ ተባረኩ! በፈሪንጉ ነበር። ልጁ አጠፋው፣ አሁን ማውሱ እጄን ይከተላል። የስልክ ኮዱን ነገ እናስገባለን።