የመኪና ወንበር ወገቤን ፈጀው፣ ምን ላድርግ?

ከአሌክሳንድሪያ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ኡበር መሥራት ከጀመርኩ ሰባት ወር ሆነኝ። መኪናዬ ያገለገለች ፕሪየስ ናት፣ ወንበሯ የወገብ ማስተካከያ የሚባል ነገር የለውም። አራት ሰዓት ከነዳሁ በኋላ ወገቤ ይያዛል። ስወርድ በሩን ይዤ ነው ቀና የምለው። ትናንት ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ያለው ደለስ ኤርፖርት ያደረስኳቸው እናት ሻንጣቸውን ላወርድ ስል አዩኝና «ተወው ልጄ፣ አንተ ከኔ ብሰሃል» ብለው ራሳቸው አወረዱት። 45 ዶላር አውጥቼ ትራስ ገዝቼ ነበር፣ ጭራሽ ባሰብኝ። እቤት የሚሠራ ነገር የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ወንድሜ፣ ትራሱ ለምን እንዳባሰብህ ልንገርህ። በጣም ወፍራም ስለሆነ ነው። እኔም ገዝቼ ጥዬዋለሁ።

ተነስተህ ቁምና ቀበቶ የምትታጠቅበትን ቦታ ከኋላ ዳስሰው። ወደ ውስጥ ጎድጎድ ብሏል አይደል? ስትቀመጥ ዳሌህ ወደ ኋላ ይዞርና ያ ጎድጓዳ ይጠፋል፣ ወገብህም ይጎብጣል። እንግዲህ ሥራህ ጎድጓዳውን መሙላት ብቻ ነው። ወፍራሙ ትራስ ግን ጀርባህን በሙሉ ወደ ፊት ይገፋዋል፣ ትከሻህ አየር ላይ ይቀራል።

አገር ቤት አይሱዙ ስነዳ ብርድ ልብስ አጥፌ ነበር የምደገፈው። እዚህ የምጠቀመው ያረጀ የገላ ፎጣ ነው። አዲሱ ፎጣ ሲደገፉበት ስምጥ ይላል፣ ያረጀው ግን ጠንከር ብሎ ይቆማል። በቁመቱ ሁለት ቦታ አጥፈውና አጥብቀህ ጠቅልለው። በእጅህ ስትጫነው ሁለት ጣት ያህል ውፍረት ይበቃል፣ አንድ ተኩል ኢንች ገደማ ማለት ነው። ርዝመቱ ደግሞ የወንበሩን መደገፊያ መሀል ብቻ ይያዝ፣ ግራና ቀኝ ያበጡት ጎኖች ላይ አይውጣ።

ፎጣው እንዳይፈታ የልጄን ያረጀ የስፖርት ሱሪ አንዱን እግር ቆርጬ እሱ ውስጥ ከተትኩት፣ ሁለቱንም ጫፍ ቋጠርኩ። ከዚያ ከየቋጠሮው የጫማ ክር አስሬ ወደ ላይ ሳብኩና የራስ መደገፊያው ሁለት ብረቶች ላይ አንጠለጠልኩት። መልኩ አያምርም። ግን ክሩን በማሳጠርና በማስረዘም ከፍታውን እንደ ልብህ ታስተካክላለህ። የ45 ዶላሩ ትራስ ይህን አያውቅም።

አቀማመጡ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። መጀመሪያ ቂጥህን እስከ ወንበሩ ጥግ ድረስ አስገባ፣ ከዚያ ተደገፍ። መደገፊያው ትንሽ ወደ ኋላ ጋደል ይበል፣ እንደ ግድግዳ ቀጥ አይበል። የኪስ ቦርሳህን ከኋላ ኪስህ አውጣ። በመጨረሻ የውስጡን መስታወት ቀና ብለህ ተቀምጠህ አስተካክል። ሁለት ሰዓት ቆይተህ የኋላው መስኮት በደንብ አልታይ ካለህ፣ መስታወቱ አልተነካም፣ አንተ ነህ የተንሸራተትከው።

ከስፕሪንግፊልድ፦
እኔ ሹፌር አይደለሁም፣ ባለቤቴ ነው። ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። እሱ ትራስ ገዝቶ ሰፊውን ላስቲክ በወንበሩ ጎን ዙሪያ ጠፍሮት ነበር። የጎን ኤርባግ (ግጭት ሲደርስ የሚነፋው ከረጢት) ያላቸው ብዙ መኪኖች ግን ኤርባጉን የሚደብቁት እዚያው በር በኩል ባለው የወንበሩ ጎን ውስጥ ነው። ጎኑን እዩት፣ ኤርባግ የሚል ትንሽ ጽሑፍ ታገኛላችሁ። እዚያ ላይ ምንም አይታሰርም፣ ምንም አይሰፋም። የጫማ ክሩ ሐሳብ ስለዚህ ደስ ብሎኛል።

ድጋፍ ስትጨምሩ ደግሞ ወደ መሪው ትጠጋላችሁ። የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት የሚመክረው ከደረት አጥንት እስከ መሪው መሀል ቢያንስ 10 ኢንች እንዲኖር ነው። በመለኪያ ለኩት፣ በግምት አይሆንም። ጭንቅላታችሁም ከራስ መደገፊያው አይራቅ፣ ከኋላ ሲገጯችሁ አንገት የሚያተርፈው እሱ ነው። ያልታሰረ ጥቅል ፎጣ ደግሞ ስትወርዱ ወለሉ ላይ ይወድቅና ፍሬን ሥር ይገባል። አደራ።

ከዲሲ፦
ልጆቼ፣ እኔ ታክሲ የጀመርኩት ዲሲ ከተማዋን በቀጠና ከፍላ በዞን ሒሳብ ስታሠራ ነው፣ በፈረንጆቹ 2008 የታክሲ ሒሳብ የሚቆጥረው ሜትር ከመግባቱ ብዙ ቀደም ብሎ። ያኔ ፎጣም የለ፣ ጋቢ ነበር የማጥፈው። ጋቢ ሞቅም ያደርጋል።

ፎጣው ጥሩ ነው። ግን የማየው ነገር ያናድደኛል። ኤርፖርት ወረፋ ላይ አንድ ሰዓት ይቆማል፣ ሁሉም መኪናው ውስጥ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ውረዱ እንጂ! ሁለት ዙር ተራመዱ፣ እጃችሁን ወገባችሁ ላይ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ተለጠጡ። ይህን ያህል ነው፣ ገንዘብ አይጠይቅም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ሕመሙ ከቂጥ ተነስቶ ከጉልበት በታች ከወረደ፣ ወይ እግር ከደነዘዘ፣ ሐኪም ጋ ሂዱ። ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ወይ ጭንና ጭን መሀል ከደነዘዘ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ግቡ። እሽት ምናምን እያላችሁ ቀን አትግደሉ። ወዳጄ «ብርድ ነው» እያለ ሰንብቶ እግሩን እስከ ዛሬ ይጎትታል።

ከአሌክሳንድሪያ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ሁለት ሳምንት ሆነኝ። መጀመሪያ ፎጣውን ከፍ አድርጌ ሰቅዬው ጎድኔን ወጋኝ። ክሩን አራት ጣት አስረዘምኩት፣ ልክ ቀበቶዬ ጋ አረፈ። ሦስተኛው ቀን ላይ ፎጣው ትዝ እንኳ አላለኝም። አሁን ስድስት ሰዓት ነድቼ በሩን ሳልይዝ እወርዳለሁ። ጋሼ እንዳሉት ወረፋ ላይ እየወረድኩ ነው፣ ሁለት ልጆችም ተከትለውኝ መውረድ ጀምረዋል። ፎጣው ግን ስለሚላላ በየሳምንቱ ፈትቼ እጠቀልለዋለሁ። ትራሱን ልጄ ወስዳዋለች፣ ቴሌቪዥን ስታይ ትደገፈዋለች።

አንድ ጥያቄ ብቻ። ብርዱ እየመጣ ነው፣ ወፍራም ጃኬት ስለብስ ፎጣውን ላሳንሰው?

ከስፕሪንግፊልድ፦
ጃኬቱን አውልቀህ ንዳ። ወፍራም ልብስ የደህንነት ቀበቶውንም ያላላብሃል።

ከዲሲ፦
ጋቢውን ጭንህ ላይ ጣል።